ዋይፋይ የምን ምህጻረ ቃል ነው? ሲግናሉ ሙሉ ሆኖስ ኢንተርኔቱ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ፈተና ላይ ‹ዋይፋይ ሲተነተን ምንድን ነው?› ተብሎ ተጠይቆ ‹ዋየርለስ ፊደሊቲ› ብሎ መለሰ፤ ትክክል ተባለ። በአማርኛ ሲተረጎም ‹ገመድ አልባ ታማኝነት› ነው ተብሏል። እኔ ግን ይህ ስሕተት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የቱ ነው እውነቱ? ሁለተኛው ጥያቄዬ የቤታችን ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ በቅርቡ ዋይፋይ አስገብተናል። ስልካችን ላይ ምልክቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ማታ ማታ ግን ቪዲዮ ይቅርና ፎቶም አይከፍትም። ባለቤቴ ‹ዋይፋዩ ደካማ ስለሆነ ነው› ብሎ ባለ አራት አንቴና፣ ዋይፋይ 6 የሚባል ራውተር ሊገዛ ነው። ይግዛ ወይ?»

ምላሽ፦ አይግዛ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ከልጅዎ ፈተና መጀመር ይኖርብኛል። የፈተናው ጥያቄም የባለቤትዎም ግምት የመነጩት ከአንድ ብዥታ ነው፤ ዋይፋይ የሚለው ስም የምን ስም እንደሆነ ካለመለየት።

ዋይፋይ የምንም ምህጻረ ቃል አይደለም። የንግድ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኖኪያን፣ ሉሰንትንና ስሪኮምን ጨምሮ ጥቂት ኩባንያዎች ተሰባስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ሥራ አንዱ ኩባንያ የሠራው ገመድ አልባ መሣሪያ ሌላው ከሠራው ጋር ሳይቸገር መነጋገሩን መፈተሽና ፈተናውን ላለፈው ዕቃ ምልክት መስጠት ነበር። ቴክኖሎጂው ራሱ ግን በዚያን ጊዜ የሚጠራው «አይ ትሪፕል ኢ 802.11ቢ ዳይሬክት ሲኩዌንስ» ተብሎ ነው። መሐንዲስ ካልሆነ በቀር ይህን ስም ሱቅ ገብቶ የሚጠራ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ማኅበሩ ኢንተርብራንድ የተባለ የንግድ ስም አውጪ ድርጅት ቀጠረ፤ ፕሮዛክ የሚለውን የመድኃኒት ስም ያወጣውም ይኸው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ካቀረባቸው አማራጮች ውስጥ ዋይፋይ ተመረጠ። የተመረጠውም አጭርና ለአፍ የሚቀል፣ ከዚያም በላይ «ሃይፋይ»ን የሚያስታውስ ስለሆነ ነው።

ሃይፋይ የሚለውን ቃል የድሮ ቴፕና የቪዲዮ ማጫወቻ የነበረው ሰው ያስታውሰዋል፤ ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ ነበር። ያ በእርግጥ ምህጻረ ቃል ነው። «ሃይ ፊደሊቲ» ማለት የተቀዳው ድምፅ ሲሰማ ከመጀመሪያው ድምፅ ብዙም ሳይርቅ፣ ሳይጎረብጥና ሳይዛባ መውጣቱን የሚናገር የድምፅ ባለሙያዎች ቃል ነው። ዋይፋይ ከእርሱ የወሰደው ዜማውን ብቻ ነው፤ ትርጉሙን አልወሰደም።

ታዲያ «ዋየርለስ ፊደሊቲ» ከየት መጣ? ከማኅበሩ ከራሱ። ስሙ ከተመረጠ በኋላ አንዳንዶቹ የማኅበሩ አባላት ትርጉም የሌለው ስም አልዋጥ አላቸው፤ አንድ ማብራሪያ ካልተጨመረበት ብለው ተከራከሩ። ስለዚህ ከስሙ ሥር «የዋየርለስ ፊደሊቲ ደረጃ» የሚል መፈክር ተለጠፈ። መፈክሩ የመጣው ከስሙ በኋላ፣ ሁለቱን ክፍለ ቃላት እንዲገጥም ተደርጎ ነው፤ ስሙ ከመፈክሩ አልወጣም። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ መፈክሩን ተወው፤ በ2002 የራሱንም ስም ቀይሮ ዋይፋይ አሊያንስ ሆነ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የነበረው ፊል ቤላንገር በ2005 ስሙ የምንም ምህጻረ ቃል እንዳልሆነና መፈክሩም ስሕተት እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። ግን ዘግይቶ ነበር። ቃሉ መማሪያ መጻሕፍትና የፈተና ጥያቄዎች ውስጥ ገብቶ አድሮ ነበር፤ ማኅበሩ ራሱም ለጥቂት ጊዜ በጽሑፎቹ ላይ ስለተጠቀመበት የተሳሳተውን ሰው ብዙ መውቀስ አይቻልም።

«ገመድ አልባ ታማኝነት» የሚለው ትርጉም ደግሞ ስሕተቱን በስሕተት ላይ ይደርበዋል። በዋይፋይ የሚሄደው መረጃ በትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ወይ በትክክል ይደርሳል፣ ወይ ተበላሽቶ ይጣልና እንደገና ይላካል። እንደ ድምፅ «ትንሽ ጎረበጠ፣ ትንሽ ጠራ» የሚባልበት ነገር አይደለም። ስለዚህ ፊደሊቲ የሚለው ሐሳብ እዚህ ቦታ የለውም፤ በአማርኛ ታማኝነት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ የትዳር ጉዳይ ይመስላል። በአማርኛ ዋይፋይን ዋይፋይ ብሎ መተው፣ ቴክኖሎጂውን መግለጽ ሲያስፈልግ «ገመድ አልባ የአካባቢ መረብ» ማለት ይበቃል።

ልጅዎ ያገኘው ውጤት ይጽናለት፤ የተማረውን ነው የመለሰው። መስተካከል ያለበት ጥያቄው ነው። መምህሩ በእርግጥ ምህጻረ ቃል መጠየቅ ከፈለጉ ቃል አልጠፋም፦ ሞደም ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ «ሞዱሌተር» እና «ዲሞዱሌተር»። ሲም ካርድ ላይ ያለው ሲምም «ሰብስክራይበር አይደንቲቲ ሞጁል» ነው። ብሉቱዝ ግን እንደ ዋይፋይ ወጥመድ ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን የገዛው የንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ስም እንጂ ምህጻረ ቃል አይደለም።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚዞር ሌላ ወሬ አለ፤ ዋይፋይን የፈጠረችው የፊልም ተዋናይዋ ሄዲ ላማር ናት የሚል። ላማር ከሙዚቀኛው ጆርጅ አንታይል ጋር በ1942 የፈጠራ መብት ማግኘቷ እውነት ነው። የእነርሱ ፈጠራ ቶርፔዶን የሚመራ የሬዲዮ ምልክት ጠላት እንዳያፍነው ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው እየዘለለ እንዲሄድ የሚያደርግ ነበር፤ ብልህ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ዋይፋይን ገበያ ያስገባው 802.11ቢ ሞገድ በመዝለል አልነበረም የሚሠራው፤ ዛሬ ቤትዎ ያለውም እንደዚያ አይሠራም። ላማርን ማክበር ይገባል፤ ያልሠራችውን መስጠት ግን ማክበር አይደለም።

ዋይፋይ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም። በሩን የከፈተው አንድ የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ በ1985 የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማይክሮዌቭ ምድጃን የመሳሰሉ ዕቃዎች የሚጠቀሙባቸውን የሬዲዮ ሞገዶች፣ ከእነርሱም 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ ማንም ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። እንደ ቆሻሻ ይቆጠሩ የነበሩ ሞገዶች ናቸው። ኤንሲአር የተባለው ኩባንያ የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽኖችን ያለ ገመድ ለማገናኘት ፈልጎ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ እዚያ ይሠራ የነበረው ቪክ ሄይስ የቴክኖሎጂውን ደረጃ የሚያወጣውን የ802.11 ኮሚቴ ለዓመታት መራ። የመጀመሪያው ደረጃ በ1997 ወጣ፤ ፍጥነቱ 2 ሜጋ ቢት በሰከንድ ብቻ ነበር። በ1999 ወደ 11 አደገ፤ በዚያው ዓመት አፕል አይቡክ የተባለ ላፕቶፑን ከዚሁ ቴክኖሎጂ ጋር አውጥቶ ከሕዝብ ጋር አስተዋወቀው። አውስትራሊያ ውስጥ ሲኤስአይአርኦ በተባለው የመንግሥት የምርምር ተቋም የእነ ጆን ኦሱሊቫን ቡድን ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ከግድግዳና ከዕቃ ላይ እየነጠረ ሲመጣ የሚፈጥረውን ትርምስ የሚያቃልል ዘዴ አበርክቷል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአንድ ነገር ነው። ከታሪኩ ውስጥ አንድም ቦታ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ መመዝገቢያ ከገንዘብ መመዝገቢያ፣ ላፕቶፕ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ሳጥን ጋር በሬዲዮ የሚነጋገርበት መንገድ ነው፤ ሌላ አይደለም። እኛ ግን «ዋይፋይ አስገባን» ስንል የገባልን የኢንተርኔት መስመር ነው፤ «ዋይፋይ አልቋል» ስንል ያለቀው ክፍያ ነው፤ «የዋይፋይ ፓስወርድ ስጪኝ» ስንል የምንፈልገው ቴሌግራም ነው። በንግግር ይህ ምንም አይደለም፤ ቋንቋ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዕቃ ሲበላሽ ግን ያልተበላሸውን ወደመጠገን ይመራል።

ሁለቱ መለያየታቸውን ማየት ከፈለጉ ስልክዎ ላይ ማስረጃው አለ። በዜንደር ፊልም ከስልክ ወደ ስልክ ሲያስተላልፉ ዳታ ጠፍቶ፣ ካርድ ሳይኖር፣ ከከተማ ውጭ ሆነውም ይሠራል። የሚሄደው በዋይፋይ ነው፤ ሁለቱ ስልኮች እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ እንጂ ከውጭ ምንም አይመጣም። ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት የለም፤ ሥራው ግን ያልቃል።

አሁን ወደ ቤትዎ። ስልክዎ የከፈተው ፎቶ ቢያንስ በሦስት መንገድ አልፎ ነው የሚመጣው፦ ከስልኩ እስከ ራውተሩ በሬዲዮ፣ ከራውተሩ እስከ ኩባንያው ጣቢያ በፋይበር ወይም በመዳብ ሽቦ፣ ከዚያ ደግሞ ኩባንያው ከዓለም ጋር በሚገናኝበት መስመር። ዋይፋይ የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የጥቂት ሜትር መንገድ። ግቢ ውስጥ ያለው ጎማ ምንም ሳይቀደድ ውኃ ፈረቃው ካልሆነ አይመጣም፤ ጎማውን በወፍራም ጎማ ቢቀይሩትም አይመጣም። ስልክዎ ላይ ያለው ምልክት የሚለካው ጎማውን ነው። ሙሉ ሲሆን የሚለው «ራውተሩ በደንብ ይሰማኛል» ነው፤ ከራውተሩ ወዲያ ስላለው ነገር የሚያውቀው የለም።

ስለዚህ ከነገሩኝ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ሙሉ ነው» የሚለው ሳይሆን «ማታ ማታ» የሚለው ነው። የሲግናል ድካም ሰዓት አይመርጥም፤ ግድግዳው ቀንም ማታም ያው ግድግዳ ነው። ማታ ብቻ የሚመጣ ችግር ሦስት ምንጭ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ተመልሶ በአንድ ጊዜ ሲከፍት የኩባንያው መስመር መጨናነቁ ነው። ሁለተኛው እናንተው ናችሁ፤ ልጆቹ ቪዲዮ ሲያዩ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጫወት፣ ስልኮቹ ቻርጅ ላይ ሆነው በራሳቸው ጊዜ መተግበሪያ ሲያድሱ ቀጭኗን መስመር ይሻሟታል። ሦስተኛው ግን ዋይፋዩ ራሱ ነው፤ ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል እንዳልል የሚያግደኝም ይኼ ነው። በኮንዶሚኒየም የላይ፣ የታችና የጎን ጎረቤት ራውተር ሁሉ በዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያወራል። ሞገዱ ቻናል በሚባሉ መስመሮች ይከፈላል፤ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት ቻናሎች ግን በተለምዶ ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ራውተሮች ደግሞ ተራ ጠብቀው ነው የሚናገሩት። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ተራ ማጣት ይቻላል።

ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ በሙከራ ግን አንድ ማታ ይበቃል። ሲጠፋ ጠብቁና ላፕቶፕ በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጀርባ ሰክታችሁ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ለኩ። ስትለኩ የቀሩትን ስልኮችና ቴሌቪዥኑን ከራውተሩ አላቅቋቸው፤ አለበለዚያ የለካችሁት የተረፈውን ነው። በኬብልም የማይሠራ ከሆነ ዋይፋዩ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ብቻ የሚጎተት ከሆነ ባለቤትዎ ልክ ነው። ሌሎቹን ስታላቅቁ ወዲያው ከተስተካከለ ደግሞ መስመሩን የበላው የራሳችሁ ቤት ነው።

ላፕቶፕ ከሌለ በስልክም ግማሽ መንገድ ይኬዳል። በራውተሩ ሥር ባለው ተለጣፊ ላይ እንደ 192.168.1.1 ያለ አድራሻ ተጽፏል፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ያንን በስልኩ ብሮውዘር ላይ ጻፉት። የራውተሩ መግቢያ ገጽ ቶሎ ከተከፈተ ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ሰላም ነው። መስመሩ ፋይበር ከሆነም ሳጥኑ ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ መሆኑን እዩ፤ ቀይ ከሆነ የብርሃን ሲግናሉ ጭራሽ አልደረሰም ማለት ነው፤ ያኔ ኩባንያውን ከመጥራት ሌላ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም።

ጥፋተኛው ዋይፋዩ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚሠራ አለ። ራውተሮች በአብዛኛው የሚቀመጡት ገመዱ በገባበት ጥግ፣ ከቡፌው ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። አውጡት፤ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ቤቱ መሐል አምጡት። ኮንክሪት ሞገዱን ያደክመዋል፤ ብረት በር፣ ትልቅ መስታወትና ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሱታል። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ቴሌቪዥኑንና አዳዲሶቹን ስልኮች ወደዚያ አዛውሩ፤ ርቀቱ አጭር፣ ግድግዳ የማለፍ አቅሙም ትንሽ ነው፤ ቻናሉ ግን ብዙ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር መጋፋት ይቀንሳል። ጎረቤት ዘንድ እምብዛም አለማለፉ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥቅም እንጂ ጉድለት አይደለም። አሮጌ ስልኮች 5 ጊጋኸርዝን ጭራሽ አያዩትም፤ እነርሱ 2.4 ላይ ይቅሩ። እዚያም ቢሆን በዙሪያችሁ የትኛው ቻናል እንደተጨናነቀ በነጻ መተግበሪያ አይታችሁ ከ1፣ 6 እና 11 ባዶ የሚቀርበውን ምረጡ። በመሐል ያሉትን፣ ለምሳሌ 3ን ወይም 8ን መምረጥ ብልጠት ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ከግራም ከቀኝም መጋጨት ነው።

ስለ አራቱ አንቴናዎች። ሻጩ «ከአራት አንቴና ኃይለኛ ሲግናል ይወጣል» ቢል አይመኑት። የሚለቀቀው ኃይል በሕግ የተገደበ ነው፤ አንቴና በዛ ተብሎ ገደቡ አይነሳም። ደግሞም ንግግሩ የሁለት ወገን ነው። ራውተሩ ቢጮህ ስልኩ ይሰማዋል፤ የስልኩ መልስ ግን ከዚያች ትንሽ ባትሪና ከውስጥ ከተደበቀች አንቴና የሚወጣ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምንም ሳይላክ የሚቀርበት አንዱ ምክንያትም ይኼው ነው።

6 የሚለውም ቁጥር የኃይል መጠን አይደለም፤ ትውልድ ነው። ዋይፋይ አሊያንስ በ2018 እነዚያን የማይያዙ ስሞች በተራ ቁጥር ተካቸው፤ በ2009 የወጣው 802.11ኤን ዋይፋይ 4፣ ቀጣዩ ኤሲ ዋይፋይ 5፣ ኤኤክስ ደግሞ ዋይፋይ 6 ተባለ። 6 ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲናገር ተራውን በተሻለ ይደለድላል፤ ጥሩ ነገር ነው። ጥቅሙ የሚታየው ግን ስልኩም ያንን ትውልድ ሲያውቅ ነው፤ አለበለዚያ ሁለቱ በአሮጌው ይግባባሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካርቶኑ ላይ 1500 ሜጋ ቢት ተጽፎ የገባላችሁ መስመር 10 ሜጋ ቢት ከሆነ የምታገኙት 10 ነው። ለዚያውም ቢት እንጂ ባይት አይደለም። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ማውረድ ነው፤ ብዙ ሰው ፋይል ሲያወርድ ይህን ቁጥር አይቶ «ተጭበረበርኩ» ይላል። አልተጭበረበረም፤ የተለያየ መለኪያ ነው ያየው።

ጥቂት ነገሮች ስትሞክሩ እንዳታደርጉ። ራውተሩ ኋላ በመርፌ የምትጫን ቀዳዳ አለች፤ ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ እርሷን መጫን ሌላ ነው። እርሷ ስትጫን ኩባንያው የሞላው የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ማታ ማታ የነበረው ችግር ቴክኒሻን እስኪመጣ ቀን ከሌሊት ይሆናል። የጎረቤትን ፓስወርድ እናወጣለን የሚሉ መተግበሪያዎችንም ከቤታችሁ ስልኮች ላይ አጥፉ። አንዳንዶቹ ፓስወርዱን የሚያገኙት ከተጠቃሚዎቻቸው ስልክ እየሰበሰቡ ነው፤ ልጅዎ የሰው ለመውሰድ ሲጭነው የራሳችሁን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። መስመሩን የሚሻማው ሰው ከቤት ውጭ መሆኑን ከጠረጠራችሁ የራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ፤ የማታውቁት ካለ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ጥበቃውን ደብልዩፒኤ 2 ወይም 3 ላይ አድርጉ፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን፣ ደብልዩፒኤስ የሚለውን አጥፉ። ደብልዩኢፒ የሚል አማራጭ ካያችሁ አትንኩት፤ ከ2001 ጀምሮ የተሰበረ ቁልፍ ነው።

አንድ ሌላ ማሳሰቢያ፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ የእርስዎን ወይም የባለቤትዎን ስልክ ሆትስፖት ከፍታችሁ ቤተሰቡ ሁሉ እርሱ ላይ እንደሚገናኝ ስለምገምት። እዚህ ላይ ስሙ በቀጥታ ገንዘብ ያስወጣል። የልጁ ስልክ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው «ዋይፋይ ላይ ነኝ» ብሎ ነው። ዋይፋይ ላይ ከሆነ ደግሞ ፎቶ ወደ ደመና መጫን፣ መተግበሪያ ማደስ፣ ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት ማጫወት ይፈቀዳል ብሎ ያምናል፤ እነዚህን «በዋይፋይ ብቻ» ብላችሁ የገደባችሁት ዳታ ለመቆጠብ ነበር። ከሆትስፖቱ ጀርባ ያለው ግን ያው የሞባይል ጥቅል ነው። ወርኃዊ ጥቅል በአንድ ሌሊት የሚጠፋው፣ ከዚያም «ካርዴን በሉት» የሚባለው አንዳንዴ በዚህ መንገድ ነው። በሚገናኘው ስልክ ላይ የዚያን ሆትስፖት ስም ተጭናችሁ ያዙና ዝርዝሩ ውስጥ «ሜተርድ» የሚለውን ምረጡለት፤ ስልኩ ያኔ እንደ ዳታ ቆጥሮ ይጠነቀቃል።

ውሳኔዬ እንግዲህ ይኼ ነው። የኬብሉን ሙከራ ማታ ሲጠፋ ሦስት ቀን አድርጉ፤ ሰዓቱንና የተገኘውን ፍጥነት በወረቀት ጻፉ። በኬብል ጥሩ ሆኖ፣ ራውተሩን አውጥታችሁና ቻናሉን ቀይራችሁም በዋይፋይ ካልተሻለ፣ ያላችሁ ራውተርም 5 ጊጋኸርዝ የሌለው ከሆነ፣ ያኔ ግዙ። ሲገዙ የአንቴናውን ብዛት ትታችሁ ሁለቱም ሞገድ እንዳለውና ከመስመራችሁ ዓይነት ጋር መግጠሙን ጠይቁ፤ ፋይበር ከሆነ የኩባንያውን ሳጥን አትጥሉት፤ አዲሱ ከእርሱ ቀጥሎ ነው የሚሰካው።

በኬብልም ያው ከሆነ ግን ኩባንያው ዘንድ ስትደውሉ «ዋይፋይ አይሠራም» አትበሉ። ይህን ከሰማ ሠራተኛው ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ ብሎ ይሰናበታችኋል፤ በእርሱ በኩል ልክ ነው፤ ዋይፋዩ የእናንተ ጉዳይ ነው። «መስመሩ በኬብል ሲለካ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ከውሉ ፍጥነት በታች ይወርዳል» በሉና የጻፋችሁትን ንገሩት። ቴክኒሻን መጥቶም ራውተር ቀይሩ ካለ፣ ኬብሉን እፊቱ ሰክታችሁ ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።